ድጓና ሉፕ፦ ድምፁ የት ነው የተቀመጠው?

ኤብልተን ላይቭ የሚባለውን የሙዚቃ ሶፍትዌር ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት ባዶ ሳጥኖች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ መሣሪያ ነው፦ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ማሲንቆ፣ የሰው ድምፅ። በየሳጥኑ አጭር የሙዚቃ ቁራጭ ይገባል፤ አራት ሰከንድ፣ ስምንት ሰከንድ። ሲነኩት ይነሳል፣ ሲያልቅ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይቀጥላል። ሉፕ የሚባለው ይኼ ነው። በአግድም የተሰለፉትን ሳጥኖች ባንዴ ማስነሳትም ይቻላል፤ ያኔ ዘፈኑ ከመግቢያው ወደ አዝማቹ፣ ከአዝማቹ ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል።

አንዲት ትንሽ ብልሃት አለችው። ሳጥኑን ስትነኩት ወዲያው አይነሳም፤ ይጠብቃል። ሌላው ሙዚቃ የጀመረውን ባር ጨርሶ አዲስ ሲጀምር፣ ያኔ አብሮ ይገባል። ስለዚህ እጃችሁ ትንሽ ቢቀድም ማንም አያውቅባችሁም። በሙዚቃ ሥራ ሦስት ጥያቄዎች አሉ እንበል፦ ቁራጩ የት ተቀመጠ? ማን ያስነሳዋል? በምን ቅደም ተከተል ይደረደራል? ሶፍትዌሩ ሦስቱንም በአንድ ሰሌዳ ላይ ይመልሳል።

እኔ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ምህንድስና። ማታ ማታ ደግሞ ቢት እሠራለሁ። ያደግሁት ቢቸና ነው፤ የእናቴ ወገኖች የሞጣ ሰዎች ናቸው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር የአብነት ትምህርት አገር ነው፦ ሀዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ከዚያም ሞጣ ጊዮርጊስ። በዚህ አገር እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተመልሰዋል። ሁለቱ መልሶች ከበርሊኑ ሶፍትዌር ጋር በጣም ይቀራረባሉ። አንዱ ግን ፈጽሞ ይለያል፤ እሱም «ቁራጩ የት ተቀመጠ?» የሚለው ነው። ይኼ ጽሑፍ ስለዚያ አንድ ልዩነትና ዛሬ ስለሚያስከፍለን ዋጋ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉድጓዱ፣ ቴፑ፣ ቺፑ

የሉፕን ታሪክ በአጭሩ እንየው፤ ወደ ሞጣ የምንደርሰው በዚያ በኩል ነው።

በ1948 ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር የሚባል የሬዲዮ መሐንዲስ የባቡርና የሌላ ሌላ ነገር ድምፅ በሸክላ እየቀረጸ ሙዚቃ ይሠራ ነበር። ሸክላ ላይ ያለው መስመር እየተጠመዘዘ ወደ መሐል ይገባል። ሼፈር መስመሩ ራሱ ላይ እንዲዘጋ አደረገው፤ መርፌዋ እዚያው ትዞራለች፣ ያቺው ድምፅ ትደጋገማለች። ሸክላው ተቧጭሮ ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ሲንተባተብ ሰምታችሁ ከሆነ ነገሩ ያ ነው፤ ሼፈር ሆን ብሎ አደረገው እንጂ። ቴፕ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ቀለለ፤ ክሩን ቆርጦ ጫፉን ከጫፉ መለጠፍ ብቻ ሆነ። በ1965 አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ የአንድ የጎዳና ሰባኪን ድምፅ ቀድቶ፣ ሁለት ቴፖች ላይ አንድ ዓይነት ሉፕ አጫወተ። ማሽኖቹ ፍጥነታቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ ቀስ በቀስ ተራራቁ፤ ከዚያ መራራቅ ሌላ ሙዚቃ ተወለደ።

በ1969 ዘ ዊንስተንስ የሚባል ባንድ አንድ ዘፈን ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ከበሮው ብቻውን ቀረ። ከዓመታት በኋላ ሳምፕለር የሚባለው ማሽን ሲመጣ፣ ያቺ የጥቂት ሰከንድ ከበሮ በሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች መነሻ ሆነች። ከበሮውን የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ግን አንዲት ሳንቲም ሳያገኝባት በ2006 ሞተ። ይህን ሰው አስታውሱልኝ፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በ1988 ሮጀር ሊን ከጃፓኑ አካይ ጋር ሆኖ ድምፅን በላስቲክ ቁልፎች በጣት እየመቱ የሚያስነሱበትን ኤምፒሲ 60 አወጣ። በ1998 አሲድ የሚባል ሶፍትዌር የሉፑን ፍጥነት ቃናውን ሳይለውጥ ማስረዘምና ማሳጠር ቻለ። በ1999 በርሊን ውስጥ ኤብልተን ኩባንያ ተመሠረተ፤ ሶፍትዌሩ ላይቭ በ2001 ወጣ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጌርሃርድ ቤልስ ራሱ ሞኖሌክ በሚባል ሁለት ሰዎች ባሉበት ቡድን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። መድረክ ላይ በቁራጭ መጫወት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ። ድምፁ ሁልጊዜ ዕቃ ውስጥ ነው፦ ሸክላ፣ ቴፕ፣ ቺፕ፣ ፋይል። ሰውየው የሚያስነሳው ከራሱ ውጭ የተቀመጠ ነገር ነው።

ከካይሮ ወደ አዲስ አበባ

በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችን የምትገባበት አንድ በር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሼፈር ሸክላውን ከማዞሩ አራት ዓመት በፊት፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብፃዊ ወጣት ካይሮ ውስጥ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። ድምፁን ወደ ስቱዲዮ ወስዶ ቃላቱ እስኪጠፉና ማስተጋባቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ለወጠው። ዛር ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደ ግብፅ እንደተሻገረ ብዙ ተመራማሪዎች የሚገምቱት ነገር ነው። እንግዲህ በመቅረጫ ማሽን ከተሠሩት የዓለም የመጀመሪያ ሙዚቃዎች አንዱ፣ ሥሩ ወደ እኛ የሚመዘዝ ነው ማለት ይቻላል።

ኤል ዳብ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲቋቋም መሪው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም፣ በገናውም በአብዛኛው በየፊናው ነበር የሚጫወተው። ኦርኬስትራው ከተለያየ አገር የመጡ ተጫዋቾችን አንድ መድረክ ላይ አስቀምጦ፣ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል ወሰነ። በዛሬ ቋንቋ አሬንጅመንት እንለዋለን።

ግን በአንድ ነገር እንጠንቀቅ። «ማን መቼ ይግባ» የሚለው ጥበብ ለዚህ አገር በ1963 የመጣ አዲስ ነገር አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት በዚህ ጥበብ የኖረ ነው።

ምልክቱ ድምፅ አይደለም

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማውን የደረሰው በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ስልቶቹ ሦስት ናቸው፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ትልቁ መጽሐፍ ድጓ ይባላል፤ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ዜማ ይዟል። ለረጅም ዘመን ግን መጽሐፉ የያዘው ቃሉን ነበር፤ ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር የሚተላለፈው።

ከዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ። ገዳማት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት ተበተኑ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ጦርነቱ በ1543 ካበቃ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559)፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ምልክት የሚባለውን የዜማ ጽሕፈት እንዳደራጁ ትውፊቱ ይናገራል። ማን ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰርቨር የተቃጠለበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባካፕ ነው።

ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ለኮድ ጸሐፊ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም። ከቃሉ በላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይጻፋል። ፊደሎቹ ከሌላ ቦታ፣ ዜማው ከታወቀ ከአንድ የድጓ ቃል የተቆረጡ ናቸው። በቀላል ምሳሌ እንየው፦ እንበልና ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዘፈን ውስጥ «ፀሐይ» የሚል ቃል አለ፤ የሚዜምበትም መንገድ የታወቀ ነው። አሁን እኔ ሌላ አዲስ ግጥም ጽፌ ከአንድ ቃል በላይ «ፀሐ» ብዬ ባስቀምጥ፣ «ይህን ቃል ያንን ‹ፀሐይ› በምንልበት ዜማ በለው» ማለቴ ነው። ምልክቱ «ከፍ በል፣ ዝቅ በል» አይልም። እንደ አውሮፓ ኖታ ድምፁን አይሥልም። የሚነግራችሁ ድምፁ የት እንዳለ ነው። በኮድ ቋንቋ ፖይንተር ነው፤ ዕቃው ሳይሆን የዕቃው አድራሻ።

እንዲህ ያሉ ምልክቶች ከአምስት መቶ በላይ ናቸው። ከእነሱ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቁርጥ የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። እነዚህ ነጥብ፣ ሰረዝና ቅስት የሚመስሉ ናቸው። የሚሉትም አያያዝን ነው፦ እዚህ ቁረጥ፣ እዚህ አንቀጥቅጥ፣ እዚህ ከደረትህ አውጣ።

ስሌቱን አስቡት። በሺህ ለሚቆጠር ገጽ ቃል ዜማ ማዘጋጀት ሳይሆን፣ አምስት መቶ ከምናምን ቁራጭ በቃል መያዝና በየቃሉ ላይ አድራሻ ማስቀመጥ። ቃሉ ሲረዝም ቁራጩ ይለጠጣል፣ ሲያጥር ይሰበሰባል፤ ዜማው ግን ያው ዜማ መሆኑ ይታወቃል። አሲድ በ1998፣ ኤብልተን በ2001 በሒሳብ የፈቱትን ይህን መለጠጥ፣ የድጓ ተማሪ በጉሮሮው ይፈታዋል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የመስክ ጥናት አድርጋ ነበር። በኋላም ከፒተር ጄፈሪና ከኢንግሪድ ሞንሰን ጋር የተለያየ ዘመን የድጓ ብራናዎችን አመሳክራ፣ ጥናቱ በ1993 ታትሟል። ከደረሱባቸው ነገሮች አንዱ ብራናና ቃል ሁልጊዜ አብረው እንደኖሩ ነው፤ ጽሕፈቱ መጣ ተብሎ ቃሉ አልተተወም። ያለ መምህር ድጓን ከገጹ ላይ አንብቦ ማዜም አይቻልም። አድራሻው አለ፣ ቤቱ የለም።

ለዚህ ነው ተማሪ የሚንከራተተው። ጎጃም በቅኔው ይታወቃል፤ የድጓ ምስክር ለመሆን ግን ብዙው ዓባይን ተሻግሮ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል። ከሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች አንዱን ቅስት ሰበሩት፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ክፍተቱን የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። ፋይል ማውረድ ዘገየ ብለን ስንማረር ይህን ማሰብ ጥሩ ነው።

«ማን ነው የሚመራው?»

የእናቴ አጎት ሞጣ አካባቢ መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። አንድ ጊዜ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ሰሌዳውን አሳየኋቸው። ከበሮ አስነሳሁ፣ ማሲንቆ ጨመርሁ፣ ቤዝ አስገባሁ። ዝም ብለው አዳመጡ። ከበሮው አሥረኛ ሲዞር፣

«አይደክመውም?» አሉኝ።

«ማሽን እኮ ነው የኔታ፣ አይደክመውም።»

«እሱማ ገባኝ። ማን ነው የሚመራው ታዲያ?»

እኔ ነኝ አልኳቸው፤ የማስነሳው እኔ፣ የማጠፋው እኔ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማስነሳትማ በር መክፈት ነው። መምራት ሌላ ነው» ብለው ምልጣንን አስረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመዝሙሩ ውስጥ ተለይቶ ደጋግሞ የሚባል ክፍል አለ፤ ምልጣን ይባላል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ትይዩ ይቆማሉ። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ አካል ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጸናጽሉ ይገባል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮው ቀስ ብሎ፣ ከባድ ባለ ምት ይጀምራል፤ ንዑስ መረግድና ዐቢይ መረግድ ብለውም ይለዩታል። በመጨረሻ ጽፋት፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይጨመራል። ዝርዝሩ እንደየቤቱ ይለያያል፤ የጎንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት እንኳ አንድ አይደሉም። አካሄዱ ግን ያው ነው፦ አንድ ቁራጭ፣ እየተደጋገመ፣ በየዙሩ አንድ ነገር እየተጨመረበት፣ ከጭምት ወደ ደስታ ይወጣል።

ቢት የምትሠሩ ከሆነ አሁን ፈገግ ብላችኋል። የክለብ ሙዚቃ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሉፑን አስጀምር፣ ሳህኑን ጨምር፣ ከበሮውን አስገባ፣ ወደ ላይ አውጣው። ሰሌዳው ላይ አግድም የተሰለፉት ሳጥኖች ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት ተብለው ቢሰየሙ ልክ ይመጣሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ፤ መቋሚያው ብቻ ይቀራል። ለሁለት ወር ሁለት ትራክ መዝጋት ማለት ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ከበሮው ሲመለስ የሚሰማውን ስሜት የትኛውም ፕሮዲውሰር ሊቀናበት ይገባል።

የኔታ ያሉት ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት መቼ እንደሚሻገር የሚወስነው መሪው ነው። የሚወስነውም ባር ቆጥሮ አይደለም። ሕዝቡን ያያል፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀረ ያያል፣ በግራ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ትንፋሽ እንዳጠራቸው ይሰማል። የእኔ ሶፍትዌር ሲከፈት ከራሱ የሚያመጣው ቁጥር በደቂቃ 120 ምት ነው፤ አራት ምት በባር። የጽፋት ከበሮ ግን እየፈጠነ ነው የሚሄድ፤ ማንም «ከ80 ወደ 120 ውጣ» አላለውም። በቃናም ያው ነው። ማሽኑ ስምንቱን ድምፅ በአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ነው የተወለደው። ላይቭ ሌሎች የቃና ቅኝቶችን አብሮ መያዝ የጀመረው በ2024 በወጣው 12ኛው እትሙ ነው፤ ለኛ ዜማ ሰዎች ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ከ23 ዓመት በኋላ።

ከባንድ ወደ ኪቦርድ

ለምን ነው ታዲያ እኛ ወጣቶች ሉፕ የውጭ ነገር የሚመስለን? አንዱ ምክንያት በከተማው ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የገባበት መንገድ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ክለብ ገደለው፤ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ትልልቆቹ ባንዶች እየሳሱ ሲሄዱ፣ ኪቦርድና የሪትም ማሽን ቦታቸውን ያዙ። በስደት ያሉትም እንደዚያው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ባወጣው ካሴት፣ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን እየተጫወተ ከኋላው የሪትም ማሽን ነበር ያስነሳው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ተደነቀበት፤ ያን ጊዜ ግን ማሽኑ ያለው ባንድ ስለሌለ ነበር። ስለዚህ ሉፕ ወደ ጆሯችን የገባው እንደ ምትክ ነው፤ የጎደለ ሰው መሙያ።

ያን ስም የቀየሩት የዘመናችን ልጆች ናቸው። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «የአራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን ሲያወጣ፣ እንደገና ሙሉም ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም ሲሠራ፣ ሙዚቃቸውን ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ አሉት። ሮፍናን በ2018 «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ከጥቂት ወዳጆች ጆሮ ወጥቶ ስታዲየም ደረሰ። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ውስጥ ባሳለፈው የምርምር ጊዜ ቅዱስ ያሬድን የሚመለከት ኦፔራ ላይ ሠርቷል። ወጣቱም አንጋፋውም ወደ አንድ ምንጭ እየተመለሱ ነው።

እኔም ደስ ይለኛል። ግን ከዚሁ ጋር አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ወደ ምንጩ የምንመለሰው በአራት ሰከንድ ነው። ከዩቲዩብ የማኅሌት ከበሮ እንቆርጣለን፣ ማስተጋቢያ እንጨምርበታለን፣ ፋይሉን «ኢትዮ ከበሮ 3» ብለን እናስቀምጣለን። ከየት በዓል ነው? መረግድ ነው ጽፋት? የመታው ማን ነው? አይታወቅም። ግሪጎሪ ኮልማንን ያስታወሳችሁልኝ ለዚህ ነው። እሱ ቢያንስ ስሙ ይታወቃል።

የጎደሉ ፋይሎች አሉ

የድሮ ፕሮጀክት በአዲስ ኮምፒውተር ስትከፍቱ ሶፍትዌሩ አንዳንዴ «የጎደሉ ፋይሎች አሉ» ይላችኋል። ሰሌዳው እንዳለ ነው። ሳጥኖቹ በየቦታቸው ናቸው፣ ስማቸው ይነበባል፣ ቀለማቸው አልጠፋም፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ስትነኩት ግን ድምፅ የለም። ፕሮጀክቱ ድምፁን በውስጡ አልያዘም ነበር፤ የያዘው አድራሻውን ነው፤ ድምፁ የነበረው በሌላ ዲስክ ላይ ነው።

ድጓ እንደዚህ ያለ ፕሮጀክት ነው። የድምፁ ዲስክ ሰው ነው።

ይህ ደካማ አሠራር እንዳይመስላችሁ። ዲስኩ ሲራባ እኮ ነው የኖረው። አንድ መምህር ሃያ ተማሪ ሲያወጣ ሃያ ቅጂ አለ፤ አንዱ ጎጃም፣ አንዱ ወሎ፣ አንዱ ትግራይ ይሄዳል። አንድ ደብር ቢቃጠል ሌላው ይኖራል። አራት መቶ ዓመት የቆየ ባካፕ የትኛውም ኩባንያ የለውም። ግን ሥርዓቱ የሚሠራው ተማሪ እስካለ፣ ተማሪውም መንገድ ላይ በሰላም እስከሄደ ድረስ ነው። ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ፤ ኢንተርኔቱ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከቢቸና ሞጣ መሄድ እንኳ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል። ሞጣ ያሉት የኔታ ዛሬ ድጓ የሚቀጽሉላቸው ተማሪዎች ቁጥር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም።

«ታዲያ ቅዳውና አስቀምጠው» ትሉ ይሆናል። ማኅሌትማ እየተቀዳ ነው፤ በየበዓሉ ስልክ የማያነሳ ሰው የለም። ግን የአንድ ሌሊት ማኅሌት ቅጂ ማለት የተጠናቀቀ ዘፈን ማለት ነው፤ ሳጥኖቹን አይሰጣችሁም። የትኛው ምልክት የትኛውን ቁራጭ እንደሚጠራ አይነግራችሁም። የሚያስፈልገው መዝገብ ነው፦ ይህ ምልክት፣ ይህ ዜማ፤ ይኸው ምልክት በአጭር ቃል ላይ እንዲህ፣ በረጅም ቃል ላይ እንዲህ።

ያንን ከየኔታ ጋር ጀምረናል። አንድ ደህና ማይክሮፎን፣ ላፕቶፕና እሳቸው ያዘዙት ሕግ አለን። ሕጋቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቅጂው መጀመሪያ የሚቀመጠው እዚያው ሞጣ ነው፤ ወደ እኔ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቁራጭ እንኳ ወደ ዘፈን አትገባም። ስለ ሁለተኛው ትንሽ ተከራከርኳቸው። «በገናና ማሲንቆ አለልህ፣ የገበሬው ከበሮ አለልህ፣ የሠርጉ አለልህ፤ ይኼኛውን ተወው» አሉኝ። እንደ ቢት ሠሪ ከፍቶኛል፤ አሁንም አንዳንድ ማታ ጣቴን ይበላኛል። ግን ቁራጩን ከቃሉ፣ ቃሉን ከበዓሉ ነጥሎ ማውጣት ምን እንደሚያጠፋ አይቻለሁ፤ «ኢትዮ ከበሮ 3» ኮምፒውተሬ ላይ አለ።

ሥራው ላይ ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመን። አንዱን ምልክት ሦስት ጊዜ አዜሙልኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይለያል። ስህተት መስሎኝ «የትኛው ነው ልክ?» አልኳቸው።

«ሁለቱም ልክ ነው።»

«አንዱን ነው እኮ የማስቀምጠው የኔታ።»

«ለምን አንዱን? ይኼኛውን የተማርሁት ከመጀመሪያ መምህሬ ነው። ያንኛውን ዓባይ ማዶ ነው የሰማሁት።»

ኮምፒውተር አንድ አድራሻ አንድ ዕቃ እንዲኖረው ይፈልጋል። እዚህ ግን አንድ አድራሻ ሁለት ቤት ያስገባል፤ የትኛው ቤት እንደምትገቡ የሚወስነው ማን እንዳስተማራችሁ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርሁ። አሁን አምስት አለው፦ ምልክቱ፣ ስልቱ፣ ቃሉ፣ በዓሉ፣ ከማን። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የኔታ የመምህራኑን ስም ራሳቸው ይነግሩኛል፤ ብዙዎቹ የሞቱ ናቸው፤ ሲጠሯቸው ቆብ ያወልቃሉ።

እስካሁን ከአምስት መቶው 37 ምልክት ይዘናል። የኔታ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው።